ባትሪ ለማብራት ስልክ ቁጥር ምን ይሠራል?

አንድ ማታ አክስቴ ቤት ሆኜ መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ አክስቴ ስልኳ ላይ አጎንብሳ ጣቷን ታመላልሳለች። የጎረቤት ልጅ የባትሪ አፕ አውርዶላት ኖሯል፤ ገና መክፈቷ ነው። አፑ መጀመሪያ ሎኬሽን ጠየቀ። ቀጥሎ ኮንታክት። ቀጥሎ ፎቶ። አክስቴ ሦስቱንም «ፍቀድ» ብላ ጨርሳለች።

«ለባትሪ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ለምን ፈቀድሽለት?» አልኳት።

«ፈቃድ ጠይቆ ነው እኮ። ጨዋ ነው።»

ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ የራሴን ስልክ ስፈትሽ ግን ከእሷ ብዙም የተሻልኩ አልነበርኩም። ተንኮሉ ያለው ጥያቄው በሚመጣበት ሰዓት ላይ ነው። አፑ የሚጠይቀን ስንቸኩል ነው፤ ታክሲ ስንጠራ፣ ብር ስንልክ፣ በጨለማ ስንደናበር። ማን ቆሞ ያነባል? «ፍቀድ» ብለን እናልፋለን።

(ለነገሩ ዛሬ ስልኮች ባትሪያቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ስትጎትቱት ምልክቱ እዚያው አለ። ለአክስቴ ያን ማታ አሳየኋት። «ድሮም እዚህ ነበር?» ብላ የጎረቤቱን ልጅ ታማው ጀመር።)

የባትሪ ነገር ከተነሳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። «ብራይተስት ፍላሽላይት» የሚባል የአንድሮይድ አፕ ነበር። ሥራው የስልኩን መብራት ማብራት ብቻ ነው። ከ50 ሚሊዮን ጊዜ ያላነሰ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አፑን በሠራው ድርጅት ላይ ክስ አቀረበ። አፑ ሰዎቹ ያሉበትን ትክክለኛ ቦታና የስልካቸውን መለያ ቁጥር ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር። ይህን ደግሞ ለተጠቃሚው በግልጽ አልነገረም። የሚገርመው ሌላ ነው። አፑ መጀመሪያ ሲከፈት የውል ጽሑፍ ያመጣል፤ ከሥሩ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ሰውየው ገና አንዱንም ሳይነካ መረጃው መሄድ ጀምሯል። «አልቀበልም» የሚለው ቁልፍ ለጌጥ የተቀመጠ ነበር።

ባትሪ የሰው አድራሻ ለምን ይፈልጋል? አፑ በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ነው። ባለቤቱ የሚበላው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ደግሞ ማን እንደሚያይለት ማወቅ ይፈልጋል፤ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚገዛ፣ ስንት ሰዓት ላይ ስልኩን እንደሚያነሳ። ባወቀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ኮድ ራሱ አይጽፍም። ቤት እንደሚሠራ ሰው አስቡት። በሩንና መስኮቱን ተሠርቶ ያለቀ ገዝቶ ይገጥማል። አፕ ሠሪም እንደዚሁ የማስታወቂያውን ክፍል ከአንድ ድርጅት፣ የካርታውን ከሌላ፣ «ስንት ሰው ተጠቀመ» ብሎ የሚቆጥረውን ከሌላ ይወስዳል። ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ችግሩ በሩን የሰጠው ድርጅት አንድ ቁልፍ ለራሱ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል። እናንተ ለአፑ ሎኬሽን ስትፈቅዱ፣ ውስጡ ለተገጠመው የሌላ ድርጅት ኮድም አብራችሁ ፈቀዳችሁ ማለት ነው። ስልኩ ሁለቱን አይለያቸውም።

ይህ እንዴት እንደሚያፈስ በደንብ የታየው «ፍሎ» በሚባለው አፕ ላይ ነው። ሴቶች የወር አበባቸውንና እርግዝናቸውን የሚመዘግቡበት ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። መረጃችሁን ለማንም አናሳይም ብሎ ቃል ገብቷል። ግን ውስጡ የፌስቡክና የጉግል መቁጠሪያ ኮዶች ተገጥመው ነበር። አንዲት ሴት አፑ ላይ አንድ ነገር በነካች ቁጥር ኮዱ «እንዲህ ያለ ነገር ተነካ» ብሎ ያስተላልፋል። ለዚያ ድርጊት ደግሞ አፕ ሠሪዎቹ ያወጡለት ስም ነበር። አንደኛው ወደ አማርኛ ቢመለስ «የእርግዝና ሳምንት ተመረጠ» ማለት ነው። ሌላ ምንም ሳይላክ ስሙ ብቻ ወሬውን ጨረሰው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ጉዳዩን በስምምነት ሲዘጋ፣ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የጤና መረጃ ለሌላ ከማካፈሉ በፊት የተጠቃሚዋን ፈቃድ እንዲጠይቅ ግዴታ ገባ።

«ስሜን ካልላኩ ምን ችግር አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ስም አይላክም። የሚላከው ስልኩ ለማስታወቂያ የሚጠቀምበት አንድ ረጅም መለያ ቁጥር ነው። ግን ያ ቁጥር በጨዋታው አፕም፣ በአየር ጠባዩ አፕም፣ በባትሪውም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከየቦታው የተለቀመው ወሬ በዚያ ቁጥር ሥር ይጠራቀማል።

ሎኬሽን ሲጨመርበት ደግሞ ስም መፈለግም አያስፈልግም። ማታ ማታ ሰሚት የሚያድር፣ ቀን ቀን ሜክሲኮ የሚውል፣ እሁድ ጠዋት አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ፣ ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ክሊኒክ የሚመላለስ ስልክ አለ እንበል። ስንት ሰው እንደዚህ አለ? አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ ለ15 ወር አይቶ ነበር። «የት ነበር? ስንት ሰዓት ላይ?» ለሚለው አራት መልስ ብቻ ካለ ከመቶው 95ቱን ሰው ከሌላው ለይቶ ማውጣት ይቻላል የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። እኛ «ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴው በር» እያልን ለእንግዳ አድራሻ ስንናገር እንግዳው ይጠፋል። ስልኩ ግን አይጠፋበትም።

አንዳንዴ አፑ ሎኬሽን የሚጠይቀው በእውነተኛ ምክንያት ነው። የታክሲ አፕ ያላችሁበትን ካላወቀ ሹፌሩ የት ይመጣል? የጸሎት ሰዓትና ቂብላ (ሙስሊሞች ሲሰግዱ የሚዞሩበትን የመካ አቅጣጫ) የሚያሳይ አፕም ቦታውን ማወቅ አለበት። «ሙስሊም ፕሮ» እንደዚህ ያለ አፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጋዜጠኞች አንድ ነገር አወጡ። የአፑ ተጠቃሚዎች ሎኬሽን «ኤክስ-ሞድ» ለሚባል መረጃ ነጋዴ ይደርስ ነበር። ከነጋዴው ደንበኞች መካከል ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩ። ቂብላውን የፈለገው ሰው የፈቀደው ለቂብላ ነው። መረጃው ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ወሬው ሲወጣ አፑ ከነጋዴው ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ነጋዴው ራሱ በኋላ ስሙን ቀየረ፤ የአሜሪካው ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 እንደ ክሊኒክና የአምልኮ ቦታ ያሉትን የሚያሳይ ሎኬሽን እንዳይሸጥ ከለከለው።

እንግዲህ እኔን ከሎኬሽንም በላይ የሚያሳስበኝ ኮንታክት ነው። ሎኬሽኔ የእኔ ነው፤ ብሰጠው የሰጠሁት የራሴን ነው። ኮንታክቴ ውስጥ ያሉት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም አልተጠየቁም።

«እገሌ ቴሌግራም ተቀላቀለ» የሚል መልእክት ደርሷችሁ አያውቅም? ከስምንት ዓመት በፊት ያከራየኝ ሰውዬ ቴሌግራም መግባቱን የሰማሁት በዚህ ነው። እንዴት ታወቀ? እኔ ቴሌግራም ስከፍት ኮንታክቴን አጋርቻለሁ። ቁጥሩ እዚያ ተቀምጦ ቆየ። እሱ በዚያ ቁጥር ሲመዘገብ ስርዓቱ አገናኘን። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት፣ የሄደውንም ማስጠፋት ትችላላችሁ። ግን አከራዬ ምንም ሳያደርግ ቁጥሩ ስንት ዓመት ተቀምጦለት እንደነበር ልብ በሉ። ደዋይን በስም የሚያሳዩ አፖችም አሉ። አንዳንዶቹ ስሙን ያገኙት ከሰው ኮንታክት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስልኩ ላይ «አበበ ደላላ» ወይም «አልማዝ ብድር ያለባት» ብሎ የመዘገበው ስም ሌላ ሰው ስክሪን ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳየችን ጎረቤታችን ኬንያ ናት። እዚያ በስልክ የሚያበድሩ አፖች እንደ አሸን ፈሉ። መያዣ የለም፣ ዋስ የለም፣ ወረቀት የለም። አፑን አውርድ፣ ኮንታክት ፍቀድ፣ ብሩ በደቂቃ ይገባል። ለተቸገረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልዋሽም። የመክፈያው ቀን አንድ ሁለት ቀን ሲያልፍ ግን ስልክ መደወል ይጀምራል። ወደ ተበዳሪው ብቻ አይደለም። ወደ እናቱ ይደወላል። ወደ አለቃው ይደወላል። ድሮ ወደተለያት ሚስቱ ይደወላል። «ይህ ሰው ብድር አለበት፣ ንገሩት» ይባላሉ። ዋስ የለም የተባለው ብድር ለካ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዋስ አድርጎ ኖሯል፤ እነሱ ሳያውቁ።

ሰው ገንዘብ ሲበደር ከሁሉ አስቀድሞ የሚለው «ሰው እንዳይሰማ» ነው። አፖቹ የያዙት ያንን ነው። የያዙት መያዣ ኀፍረቱ ነበር።

የኬንያ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ ቅሬታ ሲበዛበት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 «ኬክሬዲት» እና «ፌይርካሽ» የተባሉትን አፖች የሚያንቀሳቅሰውን ድርጅት 2,975,000 የኬንያ ሽልንግ ቀጣ። ጥፋቱ የሰዎችን ስምና ቁጥር ከሦስተኛ ወገን አግኝቶ ለማስፈራሪያ መልእክትና ስልክ መጠቀሙ ነው። ጉግልም በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 31 ጀምሮ በፕሌይ ስቶር ላይ ያሉ የግል ብድር አፖች ኮንታክትና ፎቶ እንዳያዩ ከለከለ። ጥሩ ነው። ክልከላው የሚሠራው ግን ፕሌይ ስቶር ላይ ነው፤ በቴሌግራም የተላከላችሁን ኤፒኬ (ከስቶሩ ውጭ የሚጫን የአፕ ፋይል) አይነካውም። እኛም አገር ያለ መያዣ በስልክ መበደር ተጀምሯል፤ ስለዚህ የኬንያው ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ስለ ኤፒኬ ካነሳሁ አይቀር፦ «ባንካችሁ አዲስ አፕ አውጥቷል፣ ይህን ጫኑ» ተብሎ በቻናል የሚመጣ ፋይል ካያችሁ አትንኩት። እንዲህ ያለው ፋይል የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ኤስኤምኤስ የማንበብ ፈቃድ ነው፤ ምክንያቱም የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው። ይህ የመረጃ መሰብሰብ ሳይሆን ሌብነት ነው፤ ብዙም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ወሬ ደግሞ ላፍርስ። «ስለ ቡና መፍጫ ከጓደኛዬ ጋር ሳወራ፣ ማታ ፌስቡክ ላይ የቡና መፍጫ ማስታወቂያ መጣ፤ ስልኬ ይሰማኛል» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈተሹ። በድብቅ ድምፅ ቀድቶ የሚልክ አንድም አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው፤ አንዳንዶቹ ሰውየው ስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን በቪዲዮ እየቀዱ ለሌላ ድርጅት ይልኩ ነበር። ታዲያ ቡና መፍጫው እንዴት መጣ? ጓደኛችሁ ቀደም ብላ ፈልጋው ይሆናል። ሁለታችሁ አንድ ካፌ፣ አንድ ዋይፋይ ላይ ተቀምጣችሁ ከነበረ ደግሞ፣ ማስታወቂያ አቅራቢው ትተዋወቃላችሁ ብሎ የእሷን ፍላጎት ለእናንተም ሊያሳይ ይችላል። ለእኔ ይህ ከመሰማት ይልቅ ያስፈራል። ሳይሰሙንም ይደርሱብናል ማለት ነው።

ፎቶም እንደ ቀላል የሚታይ ፈቃድ ነው። ጋለሪያችሁን አሁን ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ። የመታወቂያ ፎቶ አለ? የፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ? የባንክ ደረሰኝ? የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት? እኔ ጋ አራቱም ነበሩ። ውጭ አገር ለመሄድ ሂደት የጀመረ ሰው፣ ዓረብ አገር ያለች እህቱ ሰነዷን በኢሞ የላከችለት ሰው፣ ሁሉም ጋ አለ። አዳዲስ ስልኮች ላይ «ሁሉንም ፎቶ» ከማለት ይልቅ የምትፈልጉትን አንድ ፎቶ ብቻ መርጦ መስጠት ይቻላል። ይህን ምርጫ ካያችሁ ሁልጊዜ እሱን ያዙ።

ሕግስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያውቃል። የተለየ ሕግ ግን እስከ 2016 ዓ.ም. አልነበረንም። በዚያ ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአጭሩ፣ መረጃችሁን የያዘ ድርጅት ምን እንደያዘ የመጠየቅ፣ ስህተቱን የማሳረም፣ እንዲጠፋ የመጠየቅና የሰጣችሁትን ፈቃድ የመሰረዝ መብት አላችሁ። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ተመሳሳይ መብት እ.ኤ.አ. በ2018 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ተጠናክሮላቸዋል፤ እዚያ ሰው ለድርጅት ኢሜይል ልኮ «ስለ እኔ የያዛችሁትን ስጡኝ» ማለት የተለመደ ሆኗል። የእኛው አዋጅ ገና ልጅ ነው። ብዙዎቹ አፖች ደግሞ ባለቤታቸው ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ እኔ ከአዋጁ በፊት ጣቴን አምናለሁ።

አክስቴ ጋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ቡና እየተቆላ ስልኳን ተቀበልኳት። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ፐርሚሽን ማናጀር። ስልክ ከስልክ ስሙ ይለያያል፤ ግን እዚያው አካባቢ ነው። ይህ ቦታ ደስ የሚለው ነገሩን ገልብጦ ማሳየቱ ነው። «ይህ አፕ ምን ያያል?» ሳይሆን «ኮንታክቴን የሚያዩት እነማን ናቸው?» ብሎ ይዘረዝራል። የአክስቴን ኮንታክት 14 አፖች ያዩ ነበር። አንዱ የካርታ ጨዋታ ነው።

አክስቴ መነጽሯን አስተካክላ አየችው። «ካርታ ለመጫወት የንስሐ አባቴ ቁጥር ምን ይሠራለታል?»

ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም። የያንዳንዱን ስም እየጠራሁላት እሷ ፈረደች። ባንኩ ቁጥር መርጦ ብር ለመላክ ይጠቅመዋል፤ ይፈቀድለት። ቴሌግራምም ይፈቀድለት፣ ግን ሎኬሽኑን ይተው። የፎቶ ማሳመሪያው ኮንታክት አያስፈልገውም፤ ይከልከል። የታክሲው ሎኬሽን ስትጠቀምበት ብቻ እንዲያይ ተደረገ፤ ሌሊት ስትተኛ እንዲያያት ምን ምክንያት አለው? ከተከለከሉት ውስጥ መሥራት ያቆመ አንድም አፕ የለም። የካርታው ጨዋታም ይሠራል።

የማስታወቂያውን መለያ ቁጥርም አጠፋንላት፤ አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ፣ ጉግል በሚለው ሥር፣ ማስታወቂያ የሚል ቦታ አለ። አይፎን ያለው ሰው ደግሞ አፑ «በሌሎች አፖች ላይ ልከታተልህ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ብቻ ይበቃዋል። ይህ ጥያቄ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

የባትሪውን አፕ በመጨረሻ አጠፋነው። አክስቴ ሲኒውን አቀብላኝ ጠየቀች፣ «የወሰደውስ? አብሮ ጠፋ?»

አልጠፋም አልኳት። አፑን ከስልክ ማጥፋት ወደ ድርጅቱ የሄደውን አይመልስም። አካውንት ከፍታችሁ የምትጠቀሙበት አፕ ከሆነ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ውስጡ ገብታችሁ «አካውንቴን ሰርዝ» የሚለውን ፈልጉ፤ ጉግልም አፕልም አፕ ሠሪዎች ይህን እንዲያስቀምጡ ያስገድዳሉ። የባትሪው አፕ ግን አካውንት እንኳ አልነበረውም። የሚጠየቅ ሰውም፣ የሚጻፍበት አድራሻም አላገኘንም።

«እንግዲያው ለንስሐ አባቴ ባትሪ ሊሸጡላቸው ይደውሉላቸዋል» አለችና ቡናዋን ጠጣች።